ስህተቱ ዓይናችን ላይ ነው ወይስ ሚዛኑ ላይ?

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ሰው የራሱን መልክ የሚያየው አሳንሶ ነው ወይስ አጋንኖ? ብዙዎቻችሁ ጥያቄው ሳያልቅ "አሳንሶ ነዋ!" እንደምትሉ እንገምታለን። ስለ ሴቶች ከሆነማ መልሱ ያለቀለት ይመስላል፤ ሴቶች ቆንጆ መሆናቸውን አያውቁም፣ በቃ። ይህን ሐሳብ በዓለም ላይ በሰፊው ካሰራጩት ነገሮች አንዱ የሦስት ደቂቃ ፊልም ነው። ፊልሙ ደግሞ የሳሙና ማስታወቂያ ነው።

ዛሬ ይህን ፊልም አብረን እንፈትሸዋለን። ከወጣ ዓመታት አልፈውታል፤ ግን የእሱ ዓይነት ማስታወቂያ ዛሬም በየስልካችን ሞልቷል። አንዱን በደንብ መፈተሽ የቻለ ሰው ሌላውም አያታልለውም።

ፊልሙ ምን ያሳያል?

ጊዜው 2013 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማስታወቂያውን ያሠራው ዶቭ ነው፤ የዶቭ ባለቤት ደግሞ ኦሞንና ላይፍቦይን የሚያመርተው ዩኒሊቨር ነው።

ጊል ዛሞራ የሚባል ሠዓሊ አለ። በአሜሪካ የሳን ሆዜ ፖሊስ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ከምስክሮች ቃል ተነስቶ የሰው መልክ የሚስል ባለሙያ ነው። አንዲት ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች። እሱ ሳያያት "ፀጉርሽ እንዴት ነው? አገጭሽስ?" እያለ ይጠይቃታል። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይስላል። ቀጥሎ ከዚያች ሴት ጋር ለጥቂት ጊዜ የተዋወቀ ሌላ ሰው ይገባል፤ እሱም ስለ እሷ መልክ ይናገራል፣ ሁለተኛ ሥዕል ይወጣል።

በመጨረሻ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። በራሷ ቃል የተሳለችው ሴት ፊቷ የከበደ፣ የደከማትና ያዘነች ናት። በሌላ ሰው ቃል የተሳለችው ግን ፈካ ያለች፣ ለእውነተኛዋም ይበልጥ የምትቀርብ ናት። ሴቶቹ ሥዕሎቹን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ከዚያ ማሳረጊያው ይመጣል፦ ከምታስቢው በላይ ቆንጆ ነሽ።

ፊልሙ በወጣ በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። በዚያው ዓመት በፈረንሳይዋ ካን በሚካሄደው የማስታወቂያ ፌስቲቫል ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱን ወሰደ። ልብ ይነካል፤ ይህን አንክድም። ልብ መንካቱ ግን እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሙከራ ነው ከተባለ በሙከራ ሕግ ይዳኝ

"ኧረ ማስታወቂያ እኮ ነው! በሳይንስ ሕግ መዳኘት ግፍ አይሆንም?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የሙከራ ልብስ ለብሶ የመጣው እሱ ራሱ ነው። የፖሊስ ባለሙያ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ጎን ለጎን የተሰቀለ "ውጤት" አለ። የቀረበልንም "ማኅበራዊ ሙከራ" ተብሎ ነው። ብዙ ተመልካች ያመነውም ለዚህ ነው፤ "ተረጋግጧል" የሚል ስሜት ስለሚሰጥ።

እሺ፣ እንደ ሙከራ እንየው። መጀመሪያ ሠዓሊው የትኛውን ሥዕል በማን ቃል እየሳለ እንደሆነ ያውቃል። አዲስ መድኃኒት ሲሞከር የታካሚውን ለውጥ የሚመዘግበው ሰው ማን መድኃኒቱን፣ ማን ባዶውን ክኒን እንደወሰደ እንዳያውቅ የሚደረገው በምክንያት ነው። ማወቁ ብቻ፣ ሳያስበው እጁን ሊመራው ይችላል። እርሳስ የያዘ እጅ ደግሞ በቀላሉ ይመራል።

ቀጥሎ ስለ ሴቶቹ የተናገሩትን ሰዎች ተመልከቱ። ወደ ሠዓሊው ከመግባታቸው በፊት ከሴቶቹ ጋር ተዋውቀው ነበር። አሁን የተዋወቃችኋትን፣ የሳቀችላችሁን ሴት መልክ ካሜራ ፊት የምታጣጥሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከዚህ በተጨማሪ የትኛው ሥዕል እንደሚያምር የፈረደ፣ ነገሩን የማያውቅ ገለልተኛ ዳኛ የለም። በፊልሙ የተሳሉት ሴቶችም ሰባት ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም የምናየው አዘጋጆቹ መርጠው የቀጠሉትን ነው።

ፊልሙ የለካው ይሉኝታን ነው

ከሁሉም የሚብሰው ክፍተት ሌላ ነው። እስቲ አስቡት፤ የማታውቁት ሰው፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ "መልክሽን ግለጪልኝ" ቢል ምን ትመልሳላችሁ? "ዓይኖቼ ትልልቅና የሚያምሩ ናቸው፣ አፍንጫዬ ሰልካካ ነው፣ ጥርሴ እንደ በረዶ ነው" ትላላችሁ? እንዲህ ያለች ልጅ ምን እንደምትባል እናንተም ታውቃላችሁ!

እኛ ዘንድ አንዷ "አምሮብሻል" ስትባል "ኧረ የአንቺ ዓይን ነው" ብላ ትመልሳለች። ይህ መልስ ልጅቷ መስታወት ውስጥ ምን እንደምታይ አይነግረንም፤ እንዴት ተደርጋ እንዳደገች ነው የሚነግረን። ስለ ራስ ሲያወሩ ዝቅ ማለት ጨዋነት ነው፤ ስለ ሌላው ሲያወሩ ከፍ ማድረግም ጨዋነት ነው። ለዚህ አማርኛ ግሩም ቃል አለው፦ ይሉኝታ። አሜሪካዊም ብትሆን ካሜራ ፊት ራሷን ስትክብ መታየት ደስ አይላትም። ስለዚህ የሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት የዓይን ልዩነት ሳይሆን የአነጋገር ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ተመራማሪዎች አንድን መለኪያ ሲፈትሹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ የለካሁት ነገር በእርግጥ ልለካው የፈለግሁትን ነው ወይ? ፊልሙ "ራሳቸውን እንዴት እንደሚያዩ ለካሁ" ይላል፤ የለካው ግን ስለ ራሳቸው እንዴት እንደሚናገሩ ነው።

ከፊልሙ በፊትም ይኸው ጥያቄ ነበር። ዶቭ በ2004 በ10 አገሮች 3,200 ሴቶችን ያሳተፈ መጠይቅ አስደርጎ "ራሳቸውን ቆንጆ የሚሉት ሴቶች 2 በመቶ ብቻ ናቸው" የሚለውን ቁጥር በዓለም አሰራጨ። ያስደነግጣል፣ አይደል? ጥያቄው ግን ከተዘረዘሩ ቃላት መካከል መልካችሁን የሚገልጸውን አንዱን ምረጡ የሚል ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት "ተፈጥሯዊ" ወይም "መካከለኛ" የሚሉትን መረጡ። ራሴን "ተፈጥሯዊ" ማለቴ "አስቀያሚ ነኝ" ማለቴ ነው እንዴ? እዚህም ላይ ይሉኝታ እጁን አስገብቷል።

ሳይናገሩ ቢጠየቁስ?

ይሉኝታን ለማለፍ አንዱ ዘዴ ሰውን ሳያናግሩ መጠየቅ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ኤፕሊ እና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ኤሪን ዊትቸርች በ2008 ያሳተሙት ጥናት ይህን አድርጓል። የተሳታፊዎቹን ፎቶ አነሱ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ያንኑ ፊት ደረጃ በደረጃ፣ 10 በመቶ፣ 20 በመቶ እያሉ፣ በጣም ከሚያምር ፊት ጋር ቀላቀሉት። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከማያምር ፊት ጋር ቀላቀሉት። ቆየት ብለው ተሳታፊውን ጠርተው ምስሎቹን ደረደሩለትና "ያልተነካው ፎቶህ የትኛው ነው?" አሉት።

ሰዎቹ በአማካይ የመረጡት እውነተኛውን ሳይሆን ቆንጀት የተደረገውን ነበር። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከብዙ ሰዎች ፊት መካከል የራሳቸውን እንዲለዩ ተደረገ፤ 20 በመቶ ያማረውን ከእውነተኛው ፈጥነው አገኙት። ለጓደኞቻቸው ፊትም እንዲሁ ሆነ። በደንብ ለማያውቁት ሰው ፊት ግን ይህ ማሳመር አልታየም።

ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካውያን ላይ ስለሆነ "የሰው ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው" አንልም። ሆኖም ይሉኝታን ወደ ጎን አድርጎ ሲጠይቅ ያገኘው ከፊልሙ መልእክት ተቃራኒውን ነው፤ ራሳችንን የምናየው በትንሹ አሳምረን ነው። "ፎቶ ላይ አልወጣሁም" የምንለውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ሴቶች በመልካቸው ደስተኛ ናቸው ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር ይህ ነው። በመልክ አለመርካት እውነተኛ ችግር ነው። አንዳንዶችን እስከ ከባድ የአመጋገብ ሕመም ያደርሳል፤ የአመጋገብ ሕመም ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። ጥያቄው ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

"መልኬ ምን ይመስላል?" አንድ ጥያቄ ነው። "ይህ መልክ ይበቃል ወይ?" ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን በትክክል፣ እንዲያውም አሳምራ የመለሰች ሴት ሁለተኛውን "አይበቃም" ብላ ልትመልስ ትችላለች።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት አንድ ኩንታል ጤፍ ይዘው ገበያ ወጡ እንበል። የነጋዴው ሚዛን 90 ኪሎ አለ። እናት ተከፍተው ሲቀመጡ አንድ አዛኝ መጣና "አይዞዎት እማማ፣ ጤፍዎ ከሚያስቡት በላይ ነው" አላቸው። ቃሉ ያጽናናል፤ ግን ምን ይፈይዳል? እሳቸው ጤፋቸውን ያውቁታል። የተዛባው ሚዛኑ ነው። "ማን አዛባው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የዶቭ ፊልም ያንን አዛኝ ሰው ነው። "ዓይንሽ ተሳስቷል" ይላል፤ ስህተቱን ሴቲቱ ጭንቅላት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሚዛኑን አይነካም። እንዲያውም በፊልሙ ውስጥ ሌሎች ስለ ሴቶቹ በመልካም ሲናገሩ የሚያነሱትን አድምጡ፤ ፊቷ ቀጭን ስለሆነ ጉንጯ ላይ ያለው አጥንት ይታያል፣ አገጯም ቀጭንና የሚያምር ነው። ያው የድሮው ሚዛን ነው! ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከሴቶቹ አንዷ የተፈጥሮ ውበታችንን የምናይበት መንገድ ጓደኛ አመራረጣችንን፣ የምናመለክትበትን ሥራ፣ ልጆቻችንን የምንይዝበትን ሁኔታ እንደሚወስን፣ ለደስታችንም ከዚህ የሚበልጥ ነገር እንደሌለ ትናገራለች። "መልክሽ ይህን ያህል አይወስንሽም" የሚል አንድም ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ ሳሙናው በምን ይሸጥ ነበር?

ሚዛኑ ሲቀየር ያየች ደሴት

ሚዛኑ ከውጭ እንደሚመጣ በምን እናውቃለን? ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የሐርቫርዷ አን ቤከር በ2002 ያሳተመችው ነው። ቦታው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ፊጂ ናት። በፊጂ ባህል ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የመከበር ምልክት ነበር፤ እኛም ሀገር "ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል" ማለት ሙገሳ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። ናድሮጋ በተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። ቤከር ያኔ ወዲያው፣ ከዚያም ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998፣ በአማካይ 17 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ተማሪ ልጃገረዶች ጠየቀች።

የአመጋገብ ችግር ምልክቶችን በሚለካው መጠይቅ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት በ1995 12.7 በመቶ ነበሩ፤ በ1998 29.2 በመቶ ሆኑ። ክብደት ለመቀነስ ብላ ያስመለሰች በመጀመሪያው ዙር አንድም አልነበረችም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ተገኙ። በሁለተኛው ዙር 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አልፎ አልፎ "በጣም ትልቅ ወይም ወፍራም ነኝ" እንደሚሉ ተናገሩ።

ጥንቃቄ አይለየን። በሁለቱ ዙሮች የተጠየቁት ልጆች የተለያዩ ናቸው፤ በየዙሩ 60 ገደማ ነበሩ። ቴሌቪዥን ያልገባበት የማነጻጸሪያ መንደርም አልነበረም፤ በእነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ልጆቹ ራሳቸው ምክንያቱን ሲናገሩ በቴሌቪዥን የሚያዩአቸውን ሴቶች መምሰል እንደሚፈልጉ፣ ቅጥነት ሥራ ለማግኘት እንደሚረዳ ገለጹ። የልጆቹ ዓይን በሦስት ዓመት ውስጥ አልታመመም። የተቀየረው "ይበቃል" የሚባለው ልክ ነው።

ሚዛኑን የሚሠራውስ ማነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። ዶቭ "ከምታስቢው በላይ ቆንጆ ነሽ" ሲል፣ ባለቤቱ ዩኒሊቨር በህንድና በሌሎች አገሮች ፌር ኤንድ ላቭሊ የሚባል ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ይሸጥ ነበር። ክሬሙ በህንድ ገበያ የወጣው በ1975 ነው። ለዓመታት የታዩት ማስታወቂያዎቹ ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው፤ ጠቆር ያለች ልጅ ሥራ ወይም ባል ታጣለች፣ ክሬሙን ትቀባለች፣ ትቀላለች፣ ሥራውንም ባሉንም ታገኛለች። ኩባንያው "ፌር" የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ግሎው ኤንድ ላቭሊ ያለው በ2020 ነው፤ በአሜሪካ ከተነሳው የጥቁሮች የመብት ተቃውሞ በኋላ ትችቱ ሲበረታበት። ክሬሙ ግን መሸጡን ቀጠለ።

አያችሁ? አንዱ እጅ ሚዛኑን ያዛባል፣ ሌላው እጅ "አይዞሽ" ይላል። ሁለቱም እጆች አንድ ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ታሪክ የህንድ ብቻ አይደለም። እኛም ሰውን በመልክ ስንገልጽ "ቀይ"፣ "ጠይም"፣ "የቀይ ዳማ" እንላለን። ቃላቱ በራሳቸው ክፋት የለባቸውም። ግን "ቀላ ብለሻል፣ ምን ተገኘ?" ሙገሳ ሲሆን፣ "ጠቆርሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ደግሞ ሐዘኔታ ሲሆን ሚዛን እየሠራን ነው። የክሬም ነጋዴው የሚመጣው ይህን ሰምቶ ነው። ዋጋው ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። አንዳንድ ማቅያ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሚሊዮን ከአንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ የከለከለው ለዚህ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚቀቡ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችም ቆዳን ያሳሳሉ።

ታዲያ ምን ይሠራል?

"ማወቅ ይበቃል" የሚሉ አሉ። ዶቭ ራሱ በ2006 አንዲት ሴት በሜካፕና በኮምፒውተር ተለውጣ ትልቅ የመንገድ ማስታወቂያ ላይ ስትወጣ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ጥሩ ፊልም ነው፣ ያን ጊዜ ሚዛኑን በእርግጥ ነክቶት ነበር። አንዳንድ መንግሥታትም በዚህ መንገድ ሄደዋል። በእስራኤል ከ2013 ጀምሮ፣ በፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፣ ሰውነትን ለማቅጠን በኮምፒውተር የተነካ የማስታወቂያ ፎቶ ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው ሕግ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ጽሑፉ የተመልካቿን አለመርካት ይቀንስ እንደሆነ የፈተሹ ጥናቶች በአብዛኛው ለውጥ አላገኙም። ፎቶው የውሸት እንደሆነ ብናውቅም ከእሱ ጋር ራሳችንን ማወዳደር አናቆምም።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ሌላ መንገድ ነው። ኤሪክ ስታይስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ "ቦዲ ፕሮጀክት" የሚባል የቡድን ትምህርት አዘጋጅተዋል። በእሱ ውስጥ "አንቺ ቆንጆ ነሽ" የሚል ሰው የለም። ልጃገረዶቹ ራሳቸው የቅጥነትን ሚዛን ጮክ ብለው ይተቹታል፤ ምን ያህል ገንዘብ፣ ጊዜና ጤና እንደሚያስከፍል ይዘረዝራሉ፤ ለታናሽ ልጅ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እየተጫወቱ ይከራከራሉ። ሰው በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ አፍ አንድን ነገር ሲቃወም ልቡም ከአፉ ጋር መስማማት ይጀምራል። ተሳታፊዎች በዕጣ ተመድበው በተነጻጸሩባቸው ተደጋጋሚ ሙከራዎች፣ ይህን ትምህርት የወሰዱት በሰውነታቸው አለመርካታቸውና የአመጋገብ ችግር ምልክቶቻቸው ቀንሰዋል።

ልዩነቱን አስተውሉ። ማስታወቂያው ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ስለ መልኳ ሌላ ሰው እንዲፈርድ ያደርጋል፤ ፍርዱ ጥሩ ሲሆን ታለቅሳለች። እዚህ ግን ልጅቷ ፈራጅ ናት፤ የተከሰሰው ሚዛኑ ነው።

ስለዚህ ወንዶችም ሴቶችም፣ ቀጣዩ የሚያስለቅስ ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ማልቀስ አልተከለከለም። ግን እንባችሁን እየጠረጋችሁ ጠይቁ፤ ይህ "ሙከራ" ማንን ለካ? በምን ለካ? ሚዛኑስ የማን ነው? ነገ ደግሞ ታናሽ እህታችሁ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከ"ጠቆርሽ" ወይም ከ"ወፈርሽ" በፊት "ዛሬ ምን ተማርሽ?" በሏት። ሚዛኑን የሚሠሩት ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም፤ እኛም በየቀኑ አንዲት ድንጋይ እንጨምርበታለን።